ጓደኛዬ ፖዘቲቭ ነው፣ ክሊኒክ መሄድ ግን ፈራ

(ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ሰው ሊያሳውቅ ሚችል ነገርም አውጥቻለሁ።)

«ሰላም እትዬ እንደምን አለሽ። ዲሲ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ነው ምሰራው፣ ምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ። አብሮኝ ሚሰራ የኤል ሳልቫዶር ልጅ አለ፣ አዲስ ስገባ ስራውን ያሳየኝ እሱ ነው፣ ቋንቋ ሳይኖረን በእጅ በእግር እየተግባባን ወንድማማች ሆነናል። በቀደም ስራ ጨርሰን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን አለቀሰ። ሀገሩ ሚስትና ልጅ አለው፣ ከመጣ ሰባት አመቱ ነው አንዴም አልተመለሰም፣ ግን ከወንድም ጋር ግንኙነት አለው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ ነኝ አለኝ። ከአምስት ወር በፊት መንገድ ዳር በቆመ የምርመራ ቫን ተመርምሮ ኤችአይቪ ፖዘቲቭ ተብሏል። ከዛ ወዲህ ሀኪም ፊት አልቀረበም። ወረቀት የለውም፣ ኢንሹራንስ የለውም፣ ላንግሊ ፓርክ እህቱና ባሏ ጋ ነው ሚኖረው፣ የእህቴ ባል ካወቀ በሌሊት ነው ሚያስወጣኝ ይላል። አንድ ቀን ክሊኒክ ደውሎ በእንግሊዘኛ ሲያወሩት ዘጋው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ እትዬ፣ ነገሩ ይከብደኛል አልዋሽሽም፣ ግን አክስቴን በዚህ በሽታ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ለእህቱ ልንገራት? ለሚስቱስ መንገር የለብኝም? ጠበል ልውሰደው? ደሞ አፍሬ ነው ምጠይቅሽ፣ ምሳ ካንድ ትሪ ነው ምንበላው፣ ችግር አለው? ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ።»

ወንድሜ፣ ይሄን ደብዳቤ ተራውን ይጠብቅ ብዬ ላቆየው አልቻልኩም፣ አምስት ወር ያለ መድሃኒት ረጅም ነው።

ከሁሉ በፊት ለእህቱ ልንገራት ወይ ላልከው መልሴ አትንገራት ነው። ለእህቱም ለባሏም ለሚስቱም ኪችን ውስጥ ላለ ሰውም፣ ለንስሃ አባትህ እንኳ ብታማክር ስሙንም ስራ ቦታውንም ሳትጠራ ይሁን። በክፋት እንዳላሰብከው አውቃለሁ፣ ቤተሰብ ከሰማ ጎትቶም ቢሆን ያሳክመዋል ብለህ ነው፣ እኛ ሀገር ብዙ ነገር እንደዛ ነው ሚፈታው። ግን እሱ ያለህን ልብ ብለህ ስማው፣ በሌሊት ያስወጣኛል ነው ያለህ፣ እና ማደሪያ የሌለው ሰው መድሃኒት በሰአቱ አይውጥም፣ ቀጠሮ አያከብርም፣ ስልኩም ይዘጋል። ክሊኒክ ውስጥ ኬዝ ማናጀር (የታካሚውን ቀጠሮና ወረቀት ሚከታተል ሰራተኛ) ሆኜ በሰራሁባቸው አመታት ከህክምና ጠፍተው የቀሩብንን ሰዎች ሳስብ አብዛኞቹ በሽታው ከብዷቸው አልነበረም የጠፉት፣ ሚስጥራቸው ወጥቶ ከቤት ወይ ከስራ የተነቀሉ ናቸው። ደሞ ላንተ የነገረህ አንተ ስፓኒሽ ስላልሆንክ፣ ለእህቱ ቤተክርስቲያን ለሰፈሩ ሰው ስለማትቀርብ ይመስለኛል። ያንን እምነት ካፈረስከው ቀጥሎ ለማን ይናገራል፣ ለሀኪምም አይናገርም።

ሚስቱን በተመለከተ ተረጋጋ። ሰባት አመት ካልተገናኙ እና ቫይረሱ እዚህ የያዘው ከሆነ እሷ ከሱ ሚደርስባት ነገር የለም። ወደፊት ካስመጣት ወይም ከሄደ ያኔ ሚነጋገሩበት የነሱ ጉዳይ ነው፣ እስከዛ መድሃኒት ከጀመረ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፣ ወደዛ እመጣለሁ። እዚህ አብረውት የነበሩ ሰዎች ግን ማወቅ አለባቸው፣ ለዛም መንገድ አለ፣ የጤና ቢሮው ሰራተኞች ማን እንደጠቆመ ስም ሳይጠሩ ለሰዎቹ ደውለው ተመርመሩ ይሏቸዋል። ይሄን ከኬዝ ማናጀሩ ጋር ሲቀመጥ ሚወስነው እሱ ነው፣ ያንተ ስራ አይደለም። እግረ መንገዴን፣ ከማያውቀው ቁጥር እየተደወለ ካላነሳ ምናልባት ውጤቱ የተመዘገበበት የጤና ቢሮ ወደ ህክምና ሊያስገባው እየፈለገው ሊሆን ይችላል፣ ቮይስሜይሉን ይስማ በለው።

አሁን ምን ላይ እንደቆመ ልንገርህ፣ ይሄ የሱ ብቻ ጣጣ ስላልሆነ። ሲዲሲ (የአሜሪካ መንግስት የበሽታ መከላከያ ተቋም) ባወጣው ግምት በ2022 አሜሪካ ውስጥ አዲስ በኤችአይቪ የተያዘው ሰው 31,800 አካባቢ ነው፣ ከዛ ውስጥ 33 በመቶው ሂስፓኒክ ነው፣ ከሀገሩ ህዝብ ግን 19 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ደሞ እንደ ጓደኛህ ጌይ ወይም ባይሴክሹዋል የሆኑ ወንዶች። ይሄ ሚሆነው ደንታ ቢስ ስለሆኑ ነው ሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያመኛል፣ አንተ ኪችን ውስጥ ስለምትሰራ እኔ ከምነግርህ በላይ ታውቀዋለህ። ሰውየው ሁለት ስራ ይሰራል፣ ክሊኒኩ ክፍት ሚሆነው እሱ ሽንኩርት በሚከትፍበት ሰአት ነው፣ ኢንሹራንስ አሰሪው አይሰጠውም፣ እዚህ ሀገር ካሉት ትልልቅ የዘር ቡድኖች ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በብዛት ሚገኝባቸው አንዱ ሂስፓኒኮች ናቸው። ስልክ ሲደውል በማያውቀው ቋንቋ ይመለስለታል። ቤቱ ሲገባ ደሞ ወንድ ማለት እንዲህ ነው እንዲያ ነው በሚባልበት ቤት ነው ሚያድረው፣ እንደኛው ቤት ማለት ነው። አሜሪካ መጥቶም ከሰፈሩ አልወጣም፣ ላንግሊ ፓርክ ውስጥ ከአንድ መንደር የመጡ ሰዎች በአንድ አፓርትመንት ይኖራሉ፣ አንዱ ያየው ነገር ማታውኑ ኤል ሳልቫዶር ይደርሳል። ስለዚህ ሰፈሩ ያለው ክሊኒክ በር ላይ መታየት በራሱ ያስፈራዋል።

ብሩን እንነጋገር። ለዚህ በሽታ በብዛት ሚታዘዘው በቀን አንዴ ሚዋጥ አንድ ክኒን ያለ ኢንሹራንስ በወር ከ3000 ዶላር በላይ ነው ዋጋው፣ ጓደኛህ ይሄን ዋጋ የሆነ ቦታ ሰምቶ ከሆነ አለቀልኝ ብሎ ቢቀመጥ አይፈረድበትም። ግን ሚከፍለው እሱ አይደለም። ራያን ዋይት ሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ፣ ራያን ዋይት ኢንዲያና ውስጥ ይኖር የነበረ ልጅ ነው፣ ደም ስለማይረጋለት በሚሰጠው የደም ተዋጽኦ በ1984 ኤድስ እንዳለበት ታወቀ፣ ትምህርት ቤቱ አትገባም አለው፣ ተከራክሮ ገባ፣ በ1990 ሞተ፣ በዛው አመት በስሙ ህግ ወጣ። ፕሮግራሙ ኢንሹራንስ ለሌለውና ኢንሹራንሱ ለማይበቃው ኤችአይቪ ላለበት ሰው ሀኪሙን፣ ላቦራቶሪውን፣ ኬዝ ማናጀሩን ይከፍላል፣ መድሃኒቱን ደሞ ኤዳፕ ሚባለው ክፍሉ ይሸፍናል። ሚጠይቁት ሶስት ነገር ነው፣ ፖዘቲቭ መሆኑን ሚያሳይ ውጤት፣ ሚኖርበትን ቦታ፣ ገቢውን። የኢሚግሬሽን ወረቀት ለራያን ዋይት መስፈርት አይደለም፣ ይሄን አስምርበት፣ ደግመህ ንገረው።

እዚህ ጋ ሰው ሚሰናከልባቸው ትንንሽ ነገሮች አሉ። ዲሲ ቢሰራም ሚኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ የመድሃኒቱ ፕሮግራም ሚሆነው የሜሪላንድ ነው፣ ሚታየው ሚሰራበት ሳይሆን ሚያድርበት ነው። ሀኪም ለማየት ግን የዲሲና የአካባቢው ፕሮግራም ሜሪላንድንም ስለሚያካትት ዲሲ ያለ ክሊኒክ መታየት ይችላል፣ ለሱ ደሞ ከሰፈሩ ራቅ ማለቱ ይሻለዋል። ሊዝ ላይ ስሙ ስለሌለ አድራሻ ማሳየት አልችልም ይል ይሆናል፣ ፔይ ስታቡ (የደሞዝ ወረቀቱ) ላይ ያለው አድራሻ ወይ የባንክ ወረቀት ወይ የስልክ ቢል ሊሆን ይችላል፣ ካሽ ሚከፈለው ከሆነም ገቢውን ሚያስረዳበት ሌላ መንገድ አለ፣ ምን እንደሚበቃ ኬዝ ማናጀሩ ያውቃል፣ ብቻ ይሄ ጎደለኝ ብሎ እንዳይቀር። እና አንዴ ከገባ በኋላ ማደስ አለ። ሰው ደህና ሆኖ መድሃኒቱን እየወሰደ ማደሻ ቀኑ አልፎበት ፋርማሲ ሄዶ የለህም ሚባልበት ጊዜ አለ፣ ከዛ ተናዶ ይተወዋል። ቀኑን ስልኩ ላይ ከአሁኑ ይያዘው።

የኢሚግሬሽን ፍርሃቱን ምንም አይደለም ብለህ አታጣጥልበት፣ ምክንያቱም ምንም አይደለም ብትለው ያንተን ሌላውንም ወሬ አያምንም። አይስ (ወረቀት የሌለውን ሚይዘው የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ክሊኒክና ቤተክርስቲያን አካባቢ ሰው እንዳይዝ ሚከለክለው የቆየ መመሪያ በጥር 2025 ተነስቷል፣ በዛው አመት ኦገስት ላይ ዲሲ መንገድ ላይ ፍተሻው ሲበዛ ስፓኒሹም ሀበሻውም እንዴት እንደተሸማቀቀ አይተናል። እውነቱን ንገረውና ሚቻለውንም ንገረው። የህክምና መዝገብ በህግ የተጠበቀ ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ የምርመራ ክፍል የግል ቦታ ነው፣ ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ሳይኖር ዝም ብሎ ሚገባበት አይደለም፣ ስደተኛ ሚያክሙ ክሊኒኮች ለዚህ ሰራተኞቻቸውን ያሰለጥናሉ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ የተወሰነውን በስልክ ወይ በቪዲዮ ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ መድሃኒትም ከአንድ ወር በላይ በአንዴ ሚሰጥበት መንገድ ካለ ይጠይቅ፣ መንገድ ሚወጣበት ቀን በቀነሰ ቁጥር ልቡ ይረጋጋል። አንተ ደሞ ለሱ ብለህ ክሊኒክ ስትደውል ስሙን ሳትናገር መጀመሪያ ጠይቅ፣ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ትጠይቃላችሁ ወይ፣ ትመዘግባላችሁ ወይ በል፣ መልሱን ከሰማ በኋላ ነው ስም ሚሰጠው።

አንድ የቆየ ፍርሃት ደሞ አለ፣ ኤችአይቪ ካለብኝ መቼም ወረቀት አላገኝም ሚል። እኛም እናውቀዋለን፣ ዲቪ ደርሷቸው ሜዲካል ላይ ቫይረሱ ተገኝቶ የቀሩ ሰዎችን ማን ረሳ። ያ እገዳ ከ1987 ጀምሮ ቆይቶ በጥር 2010 ተነስቷል፣ አሁን ኤችአይቪ መኖሩ ብቻውን ግሪን ካርድ አያስከለክልም። ከዛም አልፎ፣ ጌይ በመሆናቸው ሀገራቸው ውስጥ ለተሳደዱ ሰዎች ጥገኝነት ይሰጣል፣ በሩን የከፈተው የአንድ ኩባዊ ጉዳይ ነው፣ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ በ1990 ወሰነለት፣ በ1994 ደሞ ለሀገሩ ሁሉ መመሪያ እንዲሆን ተደረገ። ጓደኛህ ለዚህ ይብቃ አይብቃ እኔ ልልህ አልችልም፣ ከገቡ በአንድ አመት ውስጥ ማመልከት ሚል ደንብ አለ፣ ልዩ ሁኔታዎችም አሉት፣ ይሄ የጠበቃ ስራ ነው። ዊትማን ዎከር ሚባለው የዲሲ ጤና ድርጅት ከህክምናው ጎን የራሱ የህግ ክፍል አለው፣ እዛ ይጠይቅ። ኖታሪዮ ሚል ሰሌዳ ሰቅለው ወረቀት እናወጣለን ለሚሉት ግን አንድ ዶላር እንዳይሰጥ፣ ጠበቃ አይደሉም፣ ስንቱን ስፓኒሽ አስበልተው ለዲፖርቴሽን ዳርገውታል።

የት ይሂድ ለምትለው፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ አካባቢ ላ ክሊኒካ ዴል ፑዌብሎ አለ። በ1983 የኤል ሳልቫዶርን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች ነው የተከፈተው፣ ማለት ለሱ ሀገር ሰው ተብሎ የተሰራ ቤት ነው፣ ስልኩን ሚያነሳው ሰው ስፓኒሽ ይናገራል፣ ኤምፖዴራቴ ሚባል ለጌይና ባይሴክሹዋል ላቲኖዎች የቆመ ፕሮግራምም አላቸው። እዛ ስለ ሚስቱም ስለ ወንድ ጓደኛውም ቢያወራ ዓይኑን ሚያፈጥበት የለም። የሀገሬ ሰው ያየኛል ብሎ እሱንም ከፈራ ዊትማን ዎከር ይሂድ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጌይ ማህበረሰብን ሲያክም የኖረ ቦታ ነው፣ ስፓኒሽ ተናጋሪም አላቸው። ሁለቱንም ንገረውና እሱ ይምረጥ፣ ምርጫው የሱ ሲሆን ነው እግሩ ሚሄደው።

አስተርጓሚ ሆኜ ልግባለት እንዳትል። ከፌዴራል መንግስት ገንዘብ ሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ የተነሳ ቋንቋ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፣ በአካል ካልሆነ በስልክ። ሀኪሙ ከማን ጋር በምን አይነት እንደተገናኘ ይጠይቀዋል፣ ያንን አንተ ፊት አይመልስም፣ አንተም ጓደኛ ሆነህ ብትቀር ይሻላል። ያን ቀን ስልኩን የዘጋው በእንግሊዘኛ ስለተመለሰለት ነው፣ ሁለተኛ ሲደውል «ስፓኒሽ» ብሎ አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ ዝም ይበል፣ መስመር ላይ ያቆዩትና አስተርጓሚ ያመጡለታል። አንተም ዲሲ መንግስት ቢሮ ስትሄድ አማርኛ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ፣ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ህግ አለ፣ አማርኛም ስፓኒሽም እዛ ውስጥ ናቸው።

መጀመሪያ ቀን ምን ይደረጋል ብሎ ከፈራ፣ ደም ይቀዳል። በፈጣን መመርመሪያ የተገኘ ውጤት በላብራቶሪ መረጋገጥ ስላለበት ያንን ካላደረጉለት ይደግሙታል፣ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን) እና ሲዲ ፎር (በሽታ ሚከላከሉ ሴሎችን ብዛት) ያያሉ፣ ሄፓታይተስ፣ ቂጥኝ፣ ቲቢ ይመረመራል። ብዙ ቦታ መድሃኒቱን ያኔውኑ ወይ በዛው ሳምንት ያስጀምራሉ፣ ድሮ ሲዲ ፎር እስኪወርድ ጠብቁ ይባል የነበረው ቀርቷል፣ በ2015 በ35 ሀገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት ቶሎ የጀመሩት በጽኑ ሚታመሙበትና ሚሞቱበት እድል ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ካሳየ ወዲህ። ስለዚህ ደህና ነኝ ምንም አላመመኝም እያለ ቢጠብቅ ትርፍ የለውም፣ ቫይረሱ ሳያመው ነው ውስጡን ሚበላው።

የእህቱ ባል ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። ገና ሲመዘገብ ደብዳቤ ቤት እንዳትልኩ፣ በዚህ ቁጥር ብቻ ደውሉ፣ ሜሴጅ ላይ የክሊኒኩን ስም አትጻፉ ይበላቸው፣ ይሄ በየቀኑ ሚጠየቅ ነገር ነው ማንም አይገረምበትም። መድሃኒቱን ከፋርማሲ ራሱ ይውሰድ፣ ክኒኑን ስም ወደሌለበት ዕቃ ያዙረው ወይ ስራ ቦታ ሎከሩ ውስጥ ያስቀምጠው፣ አንተ ጋ ላስቀምጥ ካለህም እሺ በል። ቫይረሱ ከወረደለት በኋላ ደሞ ክኒን ቀርቶ በየሁለት ወሩ ክሊኒክ ሄዶ ሚወጋው መርፌ አለ፣ በጥር 2021 ነው መጀመሪያ የተፈቀደው፣ ክኒን ደብቆ መዋጥ ለከበደው ሰው ትልቅ እረፍት ነው፣ ሀኪሙን ይጠይቅ።

አሁን ያፈርክበት ጥያቄ። ካንድ ትሪ ብሉ። በምራቅ፣ በምግብ፣ በብርጭቆ፣ በሽንት ቤት፣ በመጨባበጥ፣ በላብ አይተላለፍም፣ ኪችን ውስጥ ጣቱን ቢቆርጥ እንደማንኛውም ሰው ታጥቦ ይታሸጋል፣ ምግቡ ከተነካ ይደፋል፣ በቃ። ለማናጀሩም መናገር ግዴታ የለበትም፣ ኤችአይቪ አለበት ተብሎ ከስራ ማባረር በአካል ጉዳተኞች ህግ የተከለከለ ነው። ከዚህ በላይ ደሞ እሱ ራሱ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፣ መድሃኒቱን በደንብ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ሲደርስና እዛው ሲቆይ በግብረ ስጋ ለማንም አያስተላልፍም። ይሄ ተስፋ ለመስጠት ሚባል ነገር አይደለም፣ በ2019 የወጣ የአውሮፓ ጥናት አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ የሆኑ 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ኮንዶም ሳይጠቀሙ እየኖሩ፣ ከጓደኛው የተላለፈበት አንድም ሰው አላገኘም። አብዛኛው ሰው በስድስት ወር ውስጥ እዚህ ደረጃ ይደርሳል። ጓደኛህ ሰው በክያለሁ፣ ሰው ገዳይ ነኝ ብሎ እያሰበ ከሆነ ይሄን ሲሰማ ምን ያህል ሸክም እንደሚወርድለት አስብ፣ እኔ ክሊኒክ ውስጥ ሰው ትከሻው ሲወርድ ያየሁት መድሃኒት ተከፈለልህ ሲባል ሳይሆን ይሄን ሲሰማ ነው።

አክስትህን እግዜር ነፍሷን ይማር። ያኔ ያየኸው መድሃኒት ባልነበረበት ወይ ብር ላለው ብቻ በነበረበት ዘመን ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መድሃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት ያለፉት ሰዎቻችን የቤታችን ሁሉ ቁስል ናቸው። ግን ያ ምስል ጓደኛህ ላይ እንዳታየው፣ ዛሬ ቶሎ የጀመረ ሰው እንደማንኛውም ሰው እርጅና ድረስ ይኖራል። ጠበሉን በተመለከተ፣ እሱ ከፈለገ ውሰደው፣ በፍቅር ያሰብከው ነገር ነው። ነገር ግን ከመድሃኒቱ ጋር እንጂ በመድሃኒቱ ፈንታ አይሁን፣ እንጦጦ ላይ ጠበል እየተጠመቁ መድሃኒት ጥለው ያለቁ ሰዎች ነበሩ፣ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱ እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረው ነው ብዙ ሰው ወደ መድሃኒቱ የተመለሰው። ቅደም ተከተሉ ክሊኒክ፣ ከዛ ጠበል።

ነገሩ ይከብደኛል ያልከውን አልዘለልኩትም። ስለ ወንድና ወንድ ያለህን አስተሳሰብ በዚህ መልስ ልቀይርህ አልሞክርም፣ እሱም የጠየቀህ እሱን አይደለም። እኔ በበኩሌ እንዲህ ሆኖ በመፈጠሩ ያጠፋው ጥፋት የለም ብዬ ነው ማምነው፣ አንተ ግን እዛ ባትደርስም ልጁን ሀኪም ቤት ማድረስ ትችላለህ፣ የታመመ መጠየቅ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፣ ስትረዳው ንስሃ ግባ፣ ሚስትህ ጋ ተመለስ ምናምን ሚል ነገር ከህክምናው ጋር አትቀላቅልበት። ህክምናው ቅድመ ሁኔታ ያለው ከመሰለው ቀጠሮውን ይቀራል።

እንዴት ላንሳው ካልክ ደሞ ቁጭ አድርገህ አትስበክ። መኪና ውስጥ የነገረህ መኪና ውስጥ ይመቸዋል ማለት ነው፣ ከሺፍት በኋላ እዛው አንሳው፣ ጠይቄልሃለሁ፣ ስምህን አልተናገርኩም፣ በነጻ ነው፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠይቁም፣ ስፓኒሽ ይናገራሉ፣ እኔ እነዳሃለሁ በለው። ይሄን ያህል ብቻ። በመሃል ይሄን ያህል ተከፍቶ ያለቀሰ ሰው ነውና ስለ ራሱ ክፉ ነገር ሲያወራ ከሰማህ፣ መኖር አልፈልግም ሚል ነገር ካለ በ988 ደውሎ 2 ሲጫን በስፓኒሽ ሚያናግሩት ሰዎች አሉ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቁጥሩን ስልኩ ላይ አንተው አስገባለት። እምቢ ካለም አትቀየመው፣ በሳምንቱ ደግመህ አንሳው።

እሺ ካለ ቀኑን ሁለታችሁም ኦፍ በሆናችሁበት ቀን አድርጉት፣ ኦፍ ካልገጠመ ደሞ ዲሲ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ሚከፈልበት የህመም ፈቃድ ህግ አለ፣ ከ2014 ወዲህ ቲፕ ሚቀበለውን የሬስቶራንት ሰራተኛም ጨምሯል፣ ለሀኪም ቀጠሮ ይሆናል፣ ምን አይነት ሀኪም እንደሆነ ለማናጀሩ መዘርዘር የለበትም። ጠዋት ስትሄዱ የምርመራ ውጤቱን ወረቀት ከቫኑ ተሰጥቶት ከሆነ ይያዘው፣ ከጠፋበትም ይሂድ እዛው ይመረመራል፣ ሁለት ፔይ ስታብ፣ አድራሻ ያለበት አንድ ወረቀት፣ ፎቶ ያለው ማንኛውም መታወቂያ፣ የሀገሩ ፓስፖርትም ይሆናል። አንተ ዌይቲንግ ሩም ውስጥ ቁጭ በል፣ ረጅም ነው ሚፈጀው፣ ስልክህን ቻርጅ አድርገህ ሂድ። እሱ ሲወጣ ምን አሉህ ብለህ አትጠይቀው፣ ከፈለገ ይነግርሃል። ሁለተኛው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ብቻ ጠይቀው፣ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ነው ብዙ ሰው ሚጠፋው፣ ለሁለተኛውም አብረኸው ሂድ።